የሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ መስመር፡- ማረፊያዎቹና ከመንገዱ ወጣ ብለው የሚጎበኙ ስፍራዎች

በአማራ ክልል ሰሜን ጎንደር ዞን የሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአገራችን ብዙ ቀናት ከሚጠይቁ የእግር ጉዞ መስመሮች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰውን መስመር ይዟል፡፡ መስመሩ ከደባርቅ ከተማ ተነስቶ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል የቧሂትን ተራራ አቋርጦ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ስፍራ እስከ ራስ ደጀን ይዘልቃል፡፡ ደርሶ መልሱ በእግር ከስምንት እስከ አስር ቀናት ይወስዳል፡፡

የጎብኚ ፍሰቱ ከፍ ብሎ በነበረባቸው ዓመታት ወደ ፓርኩ ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ ከጎንደር በማለዳ በመኪና ተነስተው፣ ገደሉንና የጭላዳውን መንጋ ተመልክተው በዕለቱ ይመለሱ ነበር፡፡ እንዲህ ያለው ጎብኚ የሚያመልጠው የመልክዓ ምድሩ ሙሉ ገጽታ ብቻ አይደለም፡፡ አስጎብኚው፣ የፓርኩ ስካውት፣ ምግብ አብሳዩና ባለበቅሎው የሚከፈላቸው በቀን ሂሳብ በመሆኑ ጎብኚው በተራራው ላይ የሚያድርባት እያንዳንዷ ሌሊት ለአካባቢው ነዋሪ ገቢ ናት፡፡ ከፓርኩ ጥቅም የሚያገኝ ነዋሪ ደግሞ ለፓርኩ ጥበቃ የመጀመሪያው ተባባሪ ነው፡፡ ስለዚህ የየማረፊያውንና ከመንገዱ ወጣ ብለው የሚገኙትን ስፍራዎች ምንነት ማወቅ ለተጓዡም ሆነ በዘርፉ ኃላፊነት ላለበት አካል ይጠቅማል፡፡

የመስመሩ ጠቅላላ ገጽታ

የሰሜን ተራሮች የተፈጠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በተከሰተ እሳተ ገሞራ ነው፡፡ በተደጋጋሚ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት እየተደራረበ የባዛልት ድንጋይ ክምር ሠራ፡፡ ከዚያ በኋላ ውሃና ውርጭ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሸርሽረው የዛሬዎቹን ሸለቆዎች፣ አምባዎችና ሾጣጣ ጫፎች ቀረጹ፡፡ በሰሜን አቅጣጫ የሚታየው ትልቁ ገደል በአንዳንድ ስፍራዎች እስከ 1,500 ሜትር ጥልቀት አለው፡፡ የእግር መንገዱ አብዛኛው ክፍል የሚጓዘው የዚህን ገደል አፋፍ ተከትሎ በመሆኑ ተጓዡ በአንድ ወገን ሜዳውንና የገብስ ማሳውን፣ በሌላ ወገን እስከ ተከዜ ተፋሰስ የሚዘረጋውን ቆላ እየተመለከተ ይሄዳል፡፡

አካባቢው ከጥንት ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ነው፡፡ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ተጓዥ በአዱሊስ ወደብ አግኝቶ የገለበጠው የአንድ የአክሱም ንጉሥ የድል ጽሑፍ በአስቸጋሪና በረዶ በሚጥልባቸው ተራሮች ላይ የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች ይጠቅሳል፡፡ በኋለኞቹ ዘመናትም የሰሜን አምባዎች እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የቤተ እስራኤል መሳፍንት መከላከያ ሆነው አገልግለዋል፡፡

ፓርኩ በሕግ የተደነገገው በጥቅምት ወር 1962 ዓ.ም ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1978 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት 12 ስፍራዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል፡፡ በዚያው ዓመት ከአገራችን የተመዘገበው ሌላው ቅርስ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው፡፡ ፓርኩ መጀመሪያ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት የነበረው ሲሆን፣ በኋላ የሲልቂን፣ የቅዱስ ያሬድንና የራስ ደጀንን ተራሮች እንዲያካትት ተደርጎ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሏል፡፡

ደባርቅ እና ሊማሊሞ

ደባርቅ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የመስመሩ መነሻ ናት፡፡ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በዚህችው ከተማ ይገኛል፡፡ የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው፣ ስካውት የሚመደበው፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ የሚገኘውም በዚሁ ነው፡፡ ለጉዞው የሚያስፈልገው ስንቅ ተሟልቶ መያዝ ያለበት በደባርቅ ገበያ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያሉት መንደሮች ለራሳቸው ከሚያመርቱት የተረፈ ብዙ የሚሸጥ ነገር የላቸውም፡፡

ከደባርቅ ወጣ ብሎ መጎብኘት የሚገባው የመጀመሪያው ስፍራ ሊማሊሞ ነው፡፡ መንገዱ ከደባርቅ ወደ ሰሜን አቅንቶ ወደ አዲ አርቃይና ወደ ትግራይ የሚያመራ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከደጋው አፋፍ ወደ ቆላው ይወርዳል፡፡ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጎንደርን ከትግራይ ጋር ሲያገናኝ የኖረው ይህ መንገድ በጭነት መኪና ሾፌሮች ዘንድ በአስፈሪነቱ የታወቀ ነው፡፡ የጊዜ እጥረት ያለበት ጎብኚ ግማሽ ቀን ብቻ ቢኖረው እንኳ በሊማሊሞ አፋፍ ላይ በእግሩ ተዘዋውሮ የተራሮቹን ምዕራባዊ ጫፍ ማየት ይችላል፡፡

ቡይት ራስ እና ሳንቃ በር

ከደባርቅ የሚነሳው መንገድ በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል አልፎ ቡይት ራስ ሲደርስ ተጓዡ ለመጀመሪያ ጊዜ ገደሉን ፊት ለፊት ያገኘዋል፡፡ በዚህ ስፍራ የጭላዳ መንጋ ማየት የተለመደ ነው፡፡ ጭላዳ በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ብቻ የሚገኝ፣ ዋነኛ ምግቡ ሣር የሆነ እንስሳ ሲሆን፣ በደረቱ ላይ ባለው ቀይ ባዶ ቆዳ በቀላሉ ይለያል፡፡ ሌሊቱን በገደሉ ግድግዳ ላይ አድሮ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ አፋፉ ወጥቶ ሲግጥ ይውላል፡፡ አንዳንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጭላዳዎች በአንድነት ይሰማራሉ፡፡ ሰውን ብዙም የማይሸሹ በመሆናቸው በቅርብ ርቀት ተቀምጦ መመልከት ይቻላል፤ ምግብ መስጠት ግን ክልክል ነው፡፡

የመጀመሪያው ማረፊያ ሳንቃ በር ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፡፡ በግራና በቀኝ ገደል ባለበት ጠባብ ወገብ ላይ የተቀመጠ ስፍራ ነው፡፡ አንዳንድ ተጓዦች በመኪና ሳንቃ በርን አልፈው ወደ ላይ ለመውጣት ይቸኩላሉ፤ ይሁንና ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው እዚህ አንድ ሌሊት ማደሩ ሰውነቱ አየር እየሳሳ የሚሄድበትን ከፍታ እንዲለምድ ይረዳዋል፡፡ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከታየ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም፤ ምልክቶቹ ከበረቱ ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ያስፈልጋል፡፡ በአካባቢው ያለው የአስታና የአሜጃ ዛፍ፣ በየቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ ከሚታየው ሽበት መሰል ሽቦ ጋር፣ የማለዳውን የእግር ጉዞ ልዩ ያደርገዋል፡፡

የጅንባር ፏፏቴ

ከሳንቃ በር ወደ ግጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ከዋናው መስመር ጥቂት ወጣ ብሎ የጅንባር ፏፏቴ ይገኛል፡፡ የጅንባር ወንዝ ከደጋው ሜዳ ተነስቶ 500 ሜትር ያህል ወደሚጠልቅ ገደል ይወረወራል፡፡ ፏፏቴውን የሚያሳየው ስፍራ በሁለት ገደሎች መካከል ወደ ፊት የወጣ ጠባብ ዐለት በመሆኑ ጥንቃቄ ይጠይቃል፡፡

የፏፏቴው መጠን እንደ ወቅቱ ይለያያል፡፡ ክረምቱ በወጣበት በመስከረምና በጥቅምት ውሃው ሙሉ ሲሆን፣ ከጥር ወዲህ ግን እየሳሳ ሄዶ ከመሬት ሳይደርስ በንፋስ የሚበተን ቀጭን መስመር ይሆናል፡፡ ፏፏቴውን በሙላቱ ማየት የሚፈልግ ጎብኚ ጉዞውን ከዚሁ ጋር ማስማማት ይኖርበታል፡፡

ግጭ እና እሜት ጎጎ

የግጭ ማረፊያ በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ የጓሳ ሣርና የጅብራ ተክል በሞላበት ሰፊ ሜዳ ይገኛል፡፡ ጅብራ ለዓመታት በዝግታ አድጎ፣ ከሰው ቁመት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የአበባ ግንድ አንድ ጊዜ ካወጣ በኋላ የሚደርቅ ተክል ነው፡፡ የደረቁት ግንዶች በጭጋግ ውስጥ ሲታዩ ከሩቅ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ፡፡ በሜዳው ላይ የሚገኘው ጦስኝም በሻይ ውስጥ እየተጨመረ ይጠጣል፡፡

ግጭ በተፈጥሮው ብቻ ሳይሆን በታሪኩም ሊታወስ የሚገባው ስፍራ ነው፡፡ በፓርኩ እምብርት የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎቹ በአብዛኛው የእስልምና እምነት ተከታዮች የነበሩ ሲሆን፣ ገብስ በማምረትና ከብት በማርባት ለትውልዶች ኖረውበታል፡፡ የግጦሹና የእርሻው መስፋፋት በዱር እንስሳቱ መኖሪያ ላይ ጫና በማሳደሩ፣ በ2008 ዓ.ም ከ400 በላይ አባወራዎች ከመንደሩ ተነስተው በደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደርጓል፡፡ ዛሬ በሜዳው ላይ የሚታየው ሣር ያገገመው እነዚህ ቤተሰቦች ቀያቸውን በመልቀቃቸው ጭምር ነው፡፡ ከአርሶ አደርነት ወደ ከተማ ኑሮ የተሸጋገሩት ወገኖች ኑሯቸው መቃናቱ ከፓርኩ ጥበቃ ተነጥሎ ሊታይ የሚገባው ጉዳይ አይደለም፡፡

ከግጭ ማረፊያ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚወስደው የእሜት ጎጎ ጉዞ በመላው መስመር ላይ ከሚገኙት እይታዎች ሁሉ የላቀ እንደሆነ በብዙ ተጓዦች ይነገርለታል፡፡ እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በሦስት ወገን በገደል የተከበበ ወደ ፊት የወጣ ዐለት ነው፡፡ ከዚያ ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው በቆላው ላይ ተራርቀው የቆሙትን አምባዎች በአንድ እይታ ይቃኛል፡፡ ጠዋት ጭጋግ ሳይነሳ መድረስ ይመረጣል፡፡ በግጭ ሁለተኛ ሌሊት የሚያድር ጎብኚ ደግሞ ሰሃ ወደተባለው የእይታ ስፍራ ከሰዓት በኋላ ሄዶ የፀሐይን መጥለቅ መመልከት ይችላል፡፡

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም በፓርኩ የተነሳው ሰደድ እሳት ይህንኑ የጓሳና የአስታ ምድር ጎድቷል፡፡ እሳቱን ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብ በነቂስ የወጣ ሲሆን፣ ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችና ከኬንያ የተላከ ሄሊኮፕተርም ተሳትፈዋል፡፡ በፓርኩ ውስጥ እንጨት ለቅሞ እሳት ማንደድ የተከለከለበትን ምክንያት ለመረዳት ይህ ክስተት በቂ ነው፡፡

እናትዬ እና ጨነቅ

ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚደረገው ጉዞ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጅ የመስመሩ ረጅሙና ውቡ ቀን ነው፡፡ መንገዱ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ 4,070 ሜትር ከፍታ ወዳለው እናትዬ ይወጣና ወደ ጨነቅ ይወርዳል፡፡ አጥንት ከከፍታ ላይ እየጣለ በመሰባበር መቅኑን የሚመገበው ትልቁ ጥንብ አንሳ በዚህ አፋፍ ላይ ከተጓዡ እግር በታች ሲያንዣብብ ይታያል፡፡ ምንቃረ ወፍራሙ ቁራም ከማረፊያዎቹ አካባቢ አይጠፋም፡፡

የጨነቅ ማረፊያ 3,620 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ዋልያን ለማየት ከሁሉም የተሻለው ስፍራ እንደሆነ ይታወቃል፡፡ ዋልያ በዓለም ላይ በእነዚህ ተራሮች ብቻ የሚኖር የዱር ፍየል ነው፡፡ ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ ወደ አገራችን የመጣው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮንም እንዲሁ ሳይንሳዊ ስያሜ ሰጥቷቸዋል፡፡ የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም የተወሰደው ከዚሁ ከሰሜን ምድር ስም ነው፡፡ ዋልያ ለብሔራዊ እግር ኳስ ቡድናችንም መጠሪያ ሆኗል፡፡

ዋልያ ረፋዱ ላይ ወደ ገደሉ ስለሚገባ ጎብኚው በጨነቅ አድሮ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ መጠበቅ አለበት፡፡ ከጎንደር ተነስቶ በዕለቱ የሚመለስ ሰው ጨነቅ የሚደርሰው እንስሳው ከእይታ በተሰወረበት ሰዓት ነው፡፡

ቧሂት፣ መሸሃ እና አምቢቆ

አብዛኞቹ ተጓዦች ጉዟቸውን በጨነቅ ይፈጽማሉ፡፡ ወደ ራስ ደጀን የሚቀጥሉት ግን 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የቧሂት መሸጋገሪያ ያቋርጣሉ፡፡ ከመሸጋገሪያው ጥቂት ወጣ ብሎ 4,430 ሜትር ከፍታ ወዳለው የቧሂት ጫፍ መውጣት ይቻላል፡፡ ይህ አጭር ጉዞ ራስ ደጀንን ለመድረስ ጊዜ ወይም አቅም ለሌለው ሰው ጥሩ ምትክ ነው፡፡ ቧሂት በቀዝቃዛ ወራት በረዶ ከሚታይባቸው ጫፎች አንዱ ሲሆን፣ በአካባቢው ቀይ ቀበሮ አልፎ አልፎ ይታያል፡፡ ከቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀሩት 500 ያህል ብቻ መሆናቸው ሲታሰብ እንስሳውን አንድ ጊዜ ማየት ትልቅ ዕድል ነው፡፡

ከቧሂት በኋላ መንገዱ በጭሮ ለባ መንደር በኩል ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል፡፡ መሸሃ የተከዜ ገባር ነው፡፡ በግማሽ ቀን ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ እንደገና ወደ አምቢቆ መውጣት ጉልበት ይፈትናል፡፡ ይሁን እንጂ ይህ ክፍል ተጓዡ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የሚገናኝበት ነው፡፡ ገብስ በጠባብ እርከን ላይ ይዘራል፤ በበሬ የሚታረሰው ተዳፋት ከሩቅ ሲታይ ሰው የሚቆምበት አይመስልም፡፡ በአምቢቆ ቡና ተፈልቶ፣ የገብስ ቆሎ ቀርቦ እንግዳ የሚስተናገድባቸው ቤቶች አይጠፉም፡፡ ተጓዡ ለተደረገለት መስተንግዶ ተገቢውን ዋጋ ቢከፍል ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ቤተሰቡ ይደርሳል፡፡

ራስ ደጀን

ከአምቢቆ ሌሊት በመነሳት የሚደረገው የራስ ደጀን ደርሶ መልስ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ይወስዳል፡፡ ራስ ደጀን በብዙዎች ዘንድ ዳሽን በመባል ይታወቃል፤ ይህም ስም ለባንክና ለቢራ መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል፡፡ በቆዩ መጻሕፍትና የትምህርት ቤት ካርታዎች ላይ ከፍታው 4,620 ሜትር ተብሎ ሲሰፍር የኖረ ቢሆንም፣ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች 4,550 ሜትር አካባቢ እንደሆነ አመልክተዋል፡፡ እ.ኤ.አ በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ከጫፉ መድረሳቸው በጽሑፍ ተመዝግቧል፡፡ የአካባቢው እረኞች ግን ከዚያ በፊትም ተራራውን ሳያውቁት እንዳልቀሩ መገመት አያዳግትም፡፡

የተራራው አወጣጥ ገመድም ሆነ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም፡፡ የመጨረሻው ክፍል ብቻ በእጅ እየተያዘ የሚወጣ አጭር ዐለት አለው፡፡ ዋናው ችግር ቅዝቃዜውና የአየሩ መሳሳት በመሆኑ ዝግ ብሎ መራመድና ውሃ አዘውትሮ መጠጣት ይመከራል፡፡

ደረስጌ ማርያም

ከጨነቅ በቧሂት በኩል የሚያልፈው የመኪና መንገድ ወደ ጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ መካነ ብርሃን ያመራል፡፡ በዚሁ ወረዳ የምትገኘው ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከእግር ጉዞው መስመር ወጣ ብለው ከሚጎበኙት ስፍራዎች ሁሉ በታሪክ ትልቋ ናት፡፡ ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፡፡ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር በግንባታው እንደተሳተፈ ይታወቃል፡፡ በግጭ ሜዳ የሚገኘው ጦስኝ በሳይንሳዊ መጠሪያው የያዘው የዚህኑ ሰው ስም ነው፡፡

ደጃዝማች ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ያዘጋጁት በንጉሠ ነገሥትነት ሊቀቡባት እንደነበር ይነገራል፡፡ ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያዘ፡፡ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ባደረጉት ውጊያ ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው፡፡ ከቀናት በኋላም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ፡፡ ሥርዓቱን የፈጸሙት አቡነ ሰላማ ቀደም ሲል ከግብጽ እንዲመጡ ያደረጉት ራሳቸው ውቤ ነበሩ፡፡ የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ በኋላ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤትና የልዑል ዓለማየሁ እናት ለመሆን በቅተዋል፡፡ የዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ተደርጎ የሚወሰደው ይህ ድርጊት የተፈጸመበትን ስፍራ ለማየት ከጨነቅ ተነስቶ የሚወሰደው ተጨማሪ ቀን የሚያስቆጭ አይደለም፡፡

ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ

በመጡበት መመለስ የማይፈልጉ ተጓዦች ከራስ ደጀን ወይም ከጨነቅ በኋላ በሶናና በመካረቢያ በኩል ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳሉ፡፡ በዚህ መንገድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጅብራና ከጓሳ ምድር ተነስቶ ሙቀቱ ወደሚበረታበት ቆላ ይደረሳል፡፡ ከላይ ከአፋፉ እንደ ካርታ የታዩት አምባዎች ከታች ሲታዩ እንደ ግንብ ቆመው ይገኛሉ፡፡

በጉዞው ላይ ከሩቅ የሚታየው የቅዱስ ያሬድ ተራራ የስሙ መነሻ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የዜማ ሊቅ ነው፡፡ ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ የመጨረሻ ዘመኑን በሰሜን ምድር እንዳሳለፈና በዚያው እንደተሰወረ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነገራል፡፡

ወቅት፣ ዝግጅትና ደንብ

ለጉዞው አመቺ የሆነው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ነው፡፡ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሜዳው አረንጓዴ፣ ፏፏቴው ሙሉ፣ አየሩም ጥርት ያለ ይሆናል፡፡ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ሌሊቶች ከዜሮ በታች ስለሚቀዘቅዙ ወፍራም ልብስና የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል፡፡ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡና ጭጋጉ ስለሚበረታ ጉዞው አስቸጋሪ ነው፡፡

ጊዜ ለተወሰነበት ሰው፣ ለምሳሌ ለስብሰባ ወይም ለመስክ ሥራ ጎንደር ለደረሰ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መስመሩን ከፋፍሎ መጓዝ ይቻላል፡፡ ሁለት ቀን ያለው በሳንቃ በር አድሮ የጅንባርን ፏፏቴ ማየት ይችላል፡፡ አራት ቀን ያለው በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ እያደረ እሜት ጎጎን፣ እናትዬንና ዋልያን ይመለከታል፡፡ ስምንት ቀንና ከዚያ በላይ ያለው ራስ ደጀንን ወይም ደረስጌን ይጨምራል፡፡

ማንኛውም ጎብኚ በስካውት ታጅቦ መጓዝ፣ በተፈቀዱ ማረፊያዎች ብቻ ማደር፣ ቆሻሻውን ይዞ መመለስና ለምግብ ማብሰያ በፓርኩ ውስጥ እንጨት አለመጠቀም ይጠበቅበታል፡፡ ተጓዡ ከመነሳቱ በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ አለበት፡፡

የፓርኩ ይዞታና የሚጠበቀው ሥራ

የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድና የዋልያ ቁጥር መቀነስ ስጋት በመፍጠራቸው ፓርኩ እ.ኤ.አ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ነበር፡፡ የፓርኩን ክልል በማስፋት፣ ልቅ ግጦሽን በመቀነስና ለነዋሪዎች አማራጭ የገቢ ምንጭ በመፈለግ ለ20 ዓመታት ያህል በተደረገ ጥረት በ2009 ዓ.ም ከዚሁ መዝገብ ሊወጣ ችሏል፡፡

ይህ ውጤት ግን ዘላቂ መሆን አልቻለም፡፡ በ2012 ዓ.ም የተከሰተው የኮቪድ 19 ወረርሽኝ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት የጎብኚውን ፍሰት አቋርጠዋል፤ የጥበቃ ሥራውንም አዳክመዋል፡፡ እ.ኤ.አ በ2015 በተደረገ ቆጠራ 865 የነበረው የዋልያ ቁጥር እ.ኤ.አ በ2024 ወደ 306 ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፡፡ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ እንስሳ በዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ መቀነሱ ሕገ ወጥ አደንን የመከላከሉ ሥራ ለነገ የማይባል መሆኑን ያሳያል፡፡

የጎብኚ መቋረጥና የዋልያ መመናመን የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም፡፡ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩና ባለበቅሎው ሥራ ሲያጡ ዋልያው በሕይወት በመኖሩ ያገኙት የነበረው ጥቅም ይቀርባቸዋል፤ ስካውቶቹ በየአፋፉ ተዘዋውረው መጠበቅ ሲያቅታቸው ደግሞ አዳኙ መንገዱ ክፍት ይሆንለታል፡፡ ስለዚህ ሰላሙ ሲረጋ መስመሩን እንደገና ሥራ ላይ የማዋሉ ዝግጅት የማረፊያዎቹን ጎጆዎች፣ የውሃና የመጸዳጃ አገልግሎት መጠገንን፣ የአስጎብኚዎችና የባለበቅሎዎችን ማኅበራት ማጠናከርን፣ ከግጭ ተነስተው በደባርቅ የሰፈሩ ቤተሰቦችን ከጉዞው ገቢ ተጠቃሚ ማድረግን፣ እንዲሁም እንደ ደረስጌ ያሉ የታሪክ ስፍራዎችን ከመስመሩ ጋር ማስተሳሰርን ማካተት ይኖርበታል፡፡ በዕለቱ የሚመለሰውን ጎብኚ በሳንቃ በር አንድ ሌሊት፣ በጨነቅ ሌላ ሌሊት እንዲያድር የሚያደርግ አገልግሎት ማደራጀት ከዞን እስከ ወረዳ ባሉ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች አቅም ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው፡፡